በራጅ የተለካ ኮከብ? ስለ ኒውትሮን ኮከቦች መግነጢሳዊ መስክ የአማርኛ አገላለጽ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ሥራችን በአመዛኙ በስም ላይ ያተኮረ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ “ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?” እንላለን እንጂ “ይህ በአማርኛ እንዴት ይነገራል?” ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። ስሙ ከግእዝ ግንድ ይርባ፣ ወይስ የባዕዱ ቃል እንዳለ ይወረስ በሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት አልቋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የወጣውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የመሰሉ ሥራዎች ስሞችን በማሰባሰብና በማደላደል የዋሉት ውለታ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሞቹ ሁሉ ከጸደቁ በኋላም ዓረፍተ ነገሩ የተሳሳተ ነገር ሊናገር ይችላል። የዓረፍተ ነገር እውነት የሚያድረው በስሙ ብቻ ሳይሆን በግሡ፣ በቅጽሉና በመስተዋድዱ ጭምር ነውና።

ይህን ለማሳየት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ እንወስዳለን፦ “የኒውትሮን ኮከብ መግነጢሳዊ መስክ በኤክስ ሬይ ተለካ።” ዓረፍተ ነገሩን ከአንድ ከተወሰነ ጽሑፍ አልቀዳነውም፤ በሥነ ፈለክ ዜናዎችና ትርጕሞች ዘንድ የተለመደውን አጻጻፍ እንዲወክል ያዘጋጀነው እኛው ነን። ሰዋስዉ ደኅና ነው። ስሞቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን አንባቢው ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚያገኘው ሥዕል ከእውነቱ የራቀ ነው፤ የራቀበትንም ምክንያት ቃል በቃል መፈተሽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ለፈተናው የሚሆን አንባቢ መምረጥ አለብን። በከተማ ለሚኖረውና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ጐን ለጐን ለሚያነበው ባለሙያ ማንኛውም አማርኛ ይበቃዋል፤ የጐደለውን ከእንግሊዝኛው ይሞላዋልና። ስለዚህ በላስታ ደጋ፣ በገነተ ማርያም የሚኖረውን፣ አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር ግን ከአማርኛው በቀር ሌላ መደገፊያ የሌለውን አንባቢ እንውሰድ። ምርጫው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ከእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪ ሌላ ተጨማሪ የከዋክብት መመልከቻ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ለማቋቋም መታሰቡና የቦታ ጥናት መደረጉ በይፋ ሲነገር ቆይቷል። ዕቅዱ በማንኛውም ጊዜ ይፈጸም፣ የላስታ ሰው በደጁ ስለሚደረገው ነገር በራሱ ቋንቋ የመረዳት መብት አለው።

ስለ ኮከቡ የሚያስፈልገን ዕውቀት ጥቂት ነው። የኒውትሮን ኮከብ ማለት አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈርስ የሚተርፈው እምብርት ነው። ክብደቱ ከፀሐያችን ይበልጣል፤ ወርዱ ግን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሊያድር የሚችል ነው። ስለ ስሙ አንድ የሰዋስው ነገር ብቻ እናንሣ። “ኒውትሮን ኮከብ” የሚለው ያለ “የ” የተደረደረ አጻጻፍ የእንግሊዝኛውን ሥርዓተ ቃል የተከተለ ነው። አማርኛ አንድ ነገር ከምን እንደ ተሠራ ሲናገር “የወርቅ ቀለበት”፣ “የሸክላ ድስት” ይላልና፣ “የኒውትሮን ኮከብ” ሲባል ቁም ነገሩ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገለጣል። በዚህ ረገድ የምሳሌያችን ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

2. “ራጅ” እና “በ”

ተርጓሚው “ኤክስ ሬይ” ብሎ ቢጽፍም የገነተ ማርያሙ አንባቢ በልቡ የሚያነበው “ራጅ” ብሎ ነው። “ራጅ” ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን በመነሻው “ጨረሮች” ማለት ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ሲወርሰው ትርጕሙን አዛውሮታል። ዛሬ “ራጅ ተነሣ”፣ “ራጁን አምጣ”፣ “ራጅ ክፍል ግባ” ሲባል ቃሉ መሣሪያውን፣ ምርመራውንና ከምርመራው የሚወጣውን ሥዕል እንጂ ጨረሩን አያመለክትም። “ተነሣ” የሚለው ግሥ ራሱ ከፎቶግራፍ የተወሰደ ነው። ከዚህም የተነሣ “የራጅ ጨረር” የሚለው አነጋገር በመነሻ ቋንቋው ዐይን “የጨረሮች ጨረር” ቢሆንም በአማርኛ ዐይን ስሕተት የለበትም፤ “ራጅ ከሚባለው መሣሪያ የሚወጣ ጨረር” ማለት ሆኗልና።

ነገር ግን ቃሉ ከነሥዕሉ ነው የሚጓዘው። ክንዱ ተሰብሮ ላሊበላ ሐኪም ቤት የተላከ ሰው ራጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፦ ጨረሩ ከመሣሪያው ይወጣል፣ በሥጋው ያልፋል፣ አጥንቱ ይከለክለዋል፣ ከወዲያ በኩል ሥዕል ይቀራል። ስለዚህ “ኮከቡ በኤክስ ሬይ ተመረመረ” ሲባል የሚታየው ሥዕል ከምድር ወደ ኮከቡ ጨረር የላከ፣ ኮከቡንም እንደ ታማሚ በመካከል ያቆመ ሐኪም ነው። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጨረሩን የሚልከው ኮከቡ ነው። ብዙ ጊዜ ከጐኑ ካለ ጓደኛ ኮከብ የሚፈስሰው ጋዝ በመግነጢሳዊው መስክ ተመርቶ ወደ ኮከቡ ዋልታዎች ሲወድቅ እጅግ ይግላል፤ ከግለቱም ኤክስ ጨረር ይመነጫል። በዚህ በኩል ያለው መሣሪያ ተቀባይ ብቻ ነው።

ጥፋቱን የሚያደርሰው እንግዲህ “ኤክስ ሬይ” የሚለው ስም ብቻ አይደለም። “በ” የሚለው ፊደል ነው። አማርኛ “በ”ን ለመሣሪያ ይጠቀምበታል፤ በመጥረቢያ ቈረጠ፣ በሚዛን መዘነ፣ በራጅ መረመረ። የእንግሊዝኛው አባባል ሁለቱንም ትርጕም ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ የአማርኛው “በ” ግን ከታወቀ መሣሪያ ስም ጋር ሲገጥም ወደ አንዱ ያዘነብላል። መድኀኒቱ አዲስ ስም መፍጠር ሳይሆን ምንጩን መግለጽ ነው፦ “ከኮከቡ ከሚመጣው ኤክስ ጨረር ተነሥቶ”። በዚህ አገላለጽ ውስጥ “ከ” ሁለት ጊዜ መግባቱ ለጆሮ ሊከብድ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንደኛው የጨረሩን ምንጭ፣ ሁለተኛው የዕውቀቱን ምንጭ ያሳያል።

ስሙን በሚመለከት “ኤክስ ጨረር” የሚለውን እንመርጣለን። “ኤክስ” በዚህ ቦታ ፊደል እንጂ ቃል አይደለም፤ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ሲያገኝ ምንነቱ ስላልታወቀ በሂሳብ ያልታወቀውን በምንጽፍበት ፊደል ሰየመው፤ ጀርመኖች ግን በስሙ ይጠሩታል። ስለዚህ “ኤክስ” የሚተረጐም ነገር የለውም። “ጨረር” ግን የራሳችን ነው። በመንግሥት አጠራር “የጨረራ መከላከያ” የሚለው ሐረግ ከተለመደ ወዲህ “ጨረር” ለነጠላው፣ “ጨረራ” ለክስተቱ በጥቅሉ የማገልገል አዝማሚያ አሳይተዋል። ይህ ልዩነት ጠቃሚ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል። “ራጅ” ደግሞ በሐኪም ቤት የያዘውን ቦታ ይዞ ይቀመጥ፤ ከዚያ አውጥቶ ወደ ሰማይ መስደድ ለቃሉም ለሰማዩም አይጠቅምም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። የእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በላስታ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። አንባቢው “መመልከቻ” የሚለውን ቃል ሲሰማ የኤክስ ጨረሩም ምልከታ ከዚያ ተራራ ላይ የሚደረግ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የምድር አየር ኤክስ ጨረርን ስለሚያስቀረው፣ በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ የቆመም ሰው ከባሕር ዳርቻ ከቆመው የተሻለ አያይም። ጨረሩን ለመቀበል ከአየሩ በላይ መውጣት ግድ ነው። ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኰሰችው ከጐረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ በማሊንዲ አቅራቢያ በባሕር ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ ላይ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበረ ሳተላይቷ “ኡሁሩ” ተባለች፤ በስዋሂሊ “ነጻነት” ማለት ነው። ለቃላት ሰዎች ትርጕም ያለው ነገር ነው፤ በአፍሪካ ቋንቋ የተሰጠ አንድ ስም በዚህ የሳይንስ ዘርፍ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ተርጓሚው “የምድር መመልከቻ” እና “የጠፈር መመልከቻ” ብሎ መለየትን ልማድ ቢያደርግ ከብዙ ግራ መጋባት ይድናል።

3. “መስክ” እና ቅጽሎቹ

“መግነጢስ” የሚለው ቃል በ“ጠ” መጻፉ ከዓረብኛው “መግናጢስ” ጋር ያለውን ዝምድና ያሳያል፤ ሥሩ ወደ ግሪክ ይደርሳል። ከ“ማግኔት” ጋር ጐን ለጐን መኖሩ ችግር የለውም፤ በንግግር “ማግኔት” ዕቃውን፣ በጽሑፍ “መግነጢሳዊ” ባሕርዩን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የሚያከራክረው “መስክ” ነው።

“መስክ” የእንግሊዝኛው ቃል ቀጥተኛ ቅጂ ነው እየተባለ ይነቀፋል። ነቀፌታው እውነት ቢሆንም ፍርዱ የተቻኰለ ነው። ለላስታ ሰው መስክ ማለት ከብት የሚሰማራበት፣ ሣር የለበሰ ገላጣ ቦታ ነው። የፊዚክስ ሰው ደግሞ በቃሉ የሚለው አንድ ነገር ተጽዕኖውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ድልድይ አለ፤ ሁለቱም ነገር ሳይሆኑ ስፍራ ናቸውና። በአንጻሩ “የመግነጢስ ኀይል” ብንል ከሌላ ጽንሰ ሐሳብ ጋር እንጋጫለን፤ “ኀይል” በፊዚክስ መማሪያ የራሱ የተወሰነ ቦታ አለውና። ስለዚህ “መስክ” ይቆይ እንላለን።

ነገር ግን ስሙን ስንቀበል ቅጽሎቹንም መምረጥ ይጠበቅብናል። ተርጓሚዎች “ትልቅ መግነጢሳዊ መስክ”፣ “ከፍተኛ መስክ”፣ አንዳንዴም “ሰፊ መስክ” ሲሉ ይታያሉ። የገነተ ማርያሙ አንባቢ “ትልቅ መስክ” ሲሰማ ብዙ ከብት የሚይዝ መስክ ይታየዋል። የተባለው ግን ስለ ስፋቱ ሳይሆን ስለ ብርታቱ ነው። የአንድ የኒውትሮን ኮከብ መስክ በአንድ ነጥብ ላይ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ የሚናገር ቍጥር፣ መስኩ እስከ የት እንደሚደርስ ምንም አይናገርም። ስለሆነም “ብርቱ መስክ”፣ “የመስኩ ብርታት”፣ “መስኩ በረታ፣ ደከመ” እንጂ “ሰፋ፣ ጠበበ” ሊባል አይገባም። መዝገበ ቃላቶቻችን “መስክ” የሚለውን ስም ሲሰጡ አብረውት የሚሄዱትን ቅጽሎችና ግሦች አለመስጠታቸው ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት በር ከፍቷል።

ስለ ብርታቱ መጠን አንድ ነገር እንጨምር። የመለኪያው ስም ጋውስ ነው። የምድር መስክ በአዲስ አበባ 0.36 ጋውስ ገደማ ነው። የተለመደ የኤክስ ጨረር ፐልሳር ግን በትሪሊዮን የሚቈጠር ጋውስ አለው። “ትሪሊዮን” ለብዙ አንባቢ “እጅግ ብዙ” ከማለት የዘለለ ትርጕም ስለሌለው፣ ተርጓሚው ቢያንስ አንድ ጊዜ “ከ1 በኋላ 12 ዜሮ” ብሎ ቢያስረዳ መልካም ነው። በሚሊዮንና በትሪሊዮን መካከል የሚፈጠር አንድ የእጅ ስሕተት እዚህ ላይ ሚሊዮን እጥፍ ያሳስታል።

4. “ተለካ”

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አማርኛ በመጠን ጉዳይ ላይ የቃል ድሀ አይደለም። እህል ይሰፈራል፣ ቅቤ ይመዘናል፣ ከብት ይቈጠራል፣ ሸማ ይለካል፣ ቤት ይተመናል፣ አዝመራ ይገመታል፣ ዕዳ ይሰላል። እያንዳንዱ ግሥ መጠኑ እንዴት እንደ ታወቀ ይመሰክራል። “ለካ” ሲባል መለኪያውና የሚለካው ይገናኛሉ፤ ክንዱ በሸማው ላይ ያርፋል። ይህ ግሥ ከጊዜ ወዲህ ሰፍቶ “ሙቀት ተለካ”፣ “የደም ግፊት ተለካ” እየተባለ ቢነገርበትም፣ መሣሪያው ከሚለካው ነገር ዘንድ መድረሱ እንደ ተጠበቀ ነው። “አሰላ” ግን ሌላ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የፋሲካን ዕለት ለካ አይባልም፤ መጥቅዕና አበቅቴን ይዞ በቀመር ያወጣል። ውጤቱ ከተለካው ያነሰ ክብር የለውም፤ ነገር ግን እውነትነቱ በቀመሩ ላይ የቆመ ነው። የገነተ ማርያም ካህን ይህን ልዩነት እኛ ሳንነግረው ያውቀዋል።

በአገራችን መግነጢሳዊ መስክ በእርግጥ የተለካበት ቦታ አለ። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዋዜማ፣ በ1949 እና በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ የተቋቋመውና አባ ፒየር ጉዋን የመሩት የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምድርን መስክ መዝግቧል። ከተማዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ መዝገቡ በዓለም ዘንድ ተፈላጊ ነበር። እዚያ መሣሪያው በመስኩ ውስጥ ተቀምጧል። “ተለካ” ማለት ተገቢ ነው።

በኒውትሮን ኮከብ ዘንድ ግን ማንም መሣሪያ አላስቀመጠም። የተደረገው በቅደም ተከተል ሲነገር ይህ ነው። በመጀመሪያ መሣሪያው አንድ በአንድ የሚደርሱትን የኤክስ ጨረር ቅንጣቶች ይቈጥራል። ቀጥሎ እንደየጕልበታቸው ይለያቸዋል፤ የዚህ ድርድር ስፔክትረም ይባላል። ከዚያ በስፔክትረሙ ላይ አንድ ስርጉድ ከታየ የስርጉዱን ጕልበት ይለካል። በመጨረሻም ከዚያ ጕልበት ተነሥቶ የመስኩ ብርታት ይሰላል። አራት ግሦች ናቸው፤ ቈጠረ፣ ለየ፣ ለካ፣ አሰላ። የምሳሌያችን ዓረፍተ ነገር አራቱንም በአንድ “ተለካ” ጠቅልሏቸዋል።

ስሌቱ የሚቆምበት ሕግ የታወቀ ነው። በብርቱ መስክ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሮን ከመስኩ ብርታት ጋር የተመጣጠነ ጕልበት ያለውን ጨረር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 1 ትሪሊዮን ጋውስ 11.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። የኮከቡ ስበት ከሚወጣው ጨረር ጕልበት ከፊሉን ስለሚወስድ፣ ለዚህ ማካካሻ በስሌቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል። ለምሳሌ ሄርኩሌስ ኤክስ-1 የተባለው ፐልሳር በ37 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስርጉድ አለው፤ ከዚህ የሚወጣው መስክ ወደ 4 ትሪሊዮን ጋውስ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የቻይናው ኢንሳይት ሳተላይት በሌላ ኮከብ ላይ በ146 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያገኘው ስርጉድ ደግሞ ወደ 16 ትሪሊዮን ጋውስ መርቷል።

“ልዩነቱ የቃል ጨዋታ ነው፤ እንግሊዝኛውም ‘ለካ’ ነው የሚለው” የሚል ተቃውሞ እንጠብቃለን። መልሳችን በአንድ ምሳሌ ይሁን። 1ኢ 1207 በሚል ምልክት የሚታወቅ አንድ የኒውትሮን ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በቻንድራና በኤክስኤምኤም ኒውተን ሳተላይቶች በ0.7 እና በ1.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስርጉዶች ታዩበት። ስርጉዱን የፈጠረው ኤሌክትሮን ከሆነ መስኩ ወደ 80 ቢሊዮን ጋውስ ነው። ፕሮቶን ከሆነ ግን፣ ፕሮቶን ከኤሌክትሮን ወደ 1,836 እጥፍ ስለሚከብድ፣ መስኩ በዚያው ልክ ይበረታል። የተለካው ነገር አንድ ነው፤ የተሰላው ግን ሁለት፣ በመካከላቸውም ከሺህ እጥፍ በላይ ርቀት ያለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ሥራ ከኮከቡ የመሽከርከር ፍጥነት መቀነስ ተነሥቶ ከ100 ቢሊዮን ጋውስ ጥቂት ያነሰ መስክ አገኘ፤ የኤሌክትሮኑም ንባብ ተደገፈ። “ተለካ” ብቻ የሚል ተርጓሚ ይህን ታሪክ በአማርኛ ሊነግር አይችልም፤ አንድ ነገር በአንድ ልኬት ሁለት መጠን አለው ወደሚል እንቈቅልሽ ይገባልና። “ስርጉዱ ተለካ፣ መስኩ ተሰላ” የሚል ግን ያለ ችግር ይነግረዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህም የራቀ ነው። ክሪሳ ኩቬሊዮቱና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤስጂአር 1806-20 የተባለውን ኮከብ በኤክስ ጨረር ተከታትለው በ7.47 ሴኮንድ አንድ ጊዜ እንደሚዞር፣ ዙሩም በዓመት ወደ 2.6 ሚሊሴኮንድ እየዘገየ መሆኑን አሳዩ። ፍሬኑ መግነጢሳዊው መስክ ብቻ ነው፣ የመስኩም ቅርጽ እንደ ተራ ማግኔት ሁለት ዋልታ ያለው ነው ብለን ከተቀበልን፣ መስኩ 800 ትሪሊዮን ጋውስ ይሆናል። እንዲህ ያለው ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1992 ዱንካንና ቶምፕሰን በሰጡት ስም “ማግኔታር” ይባላል። እዚህ ላይ የተለካው ጊዜ ነው። መስኩ “ከሆነ” በሚል ቃል ላይ የቆመ ነው። ለዚህ ተገቢው ግሥ “ተገመተ” ነው። “ገመተ” ሲባል “እንዲያው ደፍሮ ተናገረ” የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ አዝመራ ገማች ሽማግሌ መሬቱን፣ ዘሩንና ዝናሙን ሳያይ እንደማይናገር እናስታውሰዋለን።

በሁለቱ መንገዶች የሚገኙት ቍጥሮች የአንድ ቦታ ቍጥሮች እንኳ አይደሉም። ስርጉዱ የሚናገረው ጨረሩ ስለ ተፈጠረበት፣ ብዙ ጊዜ ለዋልታው ቅርብ ስለ ሆነው ስፍራ ነው። የዙሩ መዘግየት የሚናገረው ስለ መላው መስክ አጠቃላይ ቅርጽ ነው። ጥሩ ተርጓሚ “የኮከቡ መስክ” ብሎ አይተወውም፤ የት እንደ ሆነ ይጨምራል።

ሦስተኛው መንገድ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የአሜሪካና የጣሊያን የጠፈር ድርጅቶች ያመጠቁት መመልከቻ የኤክስ ጨረርን የንዝረት አቅጣጫ ይመረምራል። 4ዩ 0142+61 በተባለው ማግኔታር ላይ፣ ጨረሩ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ጕልበት ሲሄድ የንዝረቱ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ዞሮ ተገኘ። ውጤቱ ብርቱ መስክ እንዳለ ከሚናገረው ንድፈ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን በራሱ የጋውስ ቍጥር አይሰጥም። እንግዲህ “ተለካ” ወይም “ተሰላ” ሳይሆን “መሰከረ”፣ “ደገፈ” ነው የሚባለው። በዚህ አጋጣሚ የንዝረትን አቅጣጫ መያዝ የሚገልጸውን ቃል ከ“ዋልታ” ለማርባት የሚደረገውን ሙከራ እንቃወማለን። “ዋልታ ረገጥ” የሚለው የፖለቲካ አነጋገር ለጆሮ ቅርብ ከመሆኑም በላይ፣ ስለ መግነጢስ ዋልታዎች በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ከዋልታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የብርሃን ጠባይ በዚያው ቃል መጥራት አንባቢን ሆን ብሎ ማሳሳት ነው። “ፖላራይዜሽን” ብሎ ወርሶ አንድ ጊዜ ማብራራት ይሻላል።

5. ስም ከዕውቀት ሲቀድም

“ስርጉድ” የሚለውን ቃል እስካሁን ያለ ማብራሪያ ስንጠቀምበት ቆየን፤ ምክንያቱን መስጠት ይገባናል። በባሕር ማዶ ጽሑፎች ነገሩ “መስመር” ይባላል፤ አንዳንዴ “የመልቀቅ መስመር”፣ አንዳንዴ “የመምጠጥ መስመር”። ዮአኪም ትሩምፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ከቴክሳስ በተለቀቀ ባሉን ላይ በጫኑት መሣሪያ ሄርኩሌስ ኤክስ-1ን ሲመለከቱ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙት፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1978 ታተመ። በዚያ ጊዜ የተረዱት ኮከቡ በ58 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ተጨማሪ ጨረር እንደሚለቅቅ ነበር፤ ስሙም “የመልቀቅ መስመር” ሆነ። በኋላ በተሻሉ መሣሪያዎች የተደረጉት ምልከታዎች ግን ተጨማሪ ጨረር ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ባለ ጕልበት ላይ የጐደለ ጨረር እንዳለ አሳዩ። ጕብታ የተባለው ከጕድጓዱ ቀጥሎ ያለው ዳር ነበር። የጐደለውም በእርግጥ ተመጥጦ የጠፋ ሳይሆን በኤሌክትሮኖች ወደ ሌላ አቅጣጫ የተበተነ ነው።

ግኝቱ ትልቅ ነበረ፤ የሚደርስበትም የመስክ መጠን በትሪሊዮን ጋውስ መቈጠሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ስሙ ነው። ከዚህ የሙያ ቃላት ሰው የሚማረው አለ። “የመልቀቅ መስመር” የሚለውን በዚያን ጊዜ ወደ አማርኛ ተርጕመን አጽድቀን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሕተቱ በመዝገባችን ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ስም ሲሰጥ ከተቻለ የሚታየውን ቅርጽ ቢናገር፣ የቅርጹን ምክንያት ግን ለዓረፍተ ነገሩ ቢተው ይሻላል። “ስርጉድ” ጉንጭ ላይም፣ ብረት ድስት ላይም፣ በወረቀት በተሠመረ ንድፍ ላይም የሚታይ ቅርጽ ነው፤ ማን እንደ ሰረጐደው አይናገርም። ነገ ሳይንሱ ምክንያቱን ቢያሻሽል ቃሉ ከነክብሩ ይቀጥላል።

ከጐደለ ነገር ዕውቀት ይገኛል ማለት ለሌላ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በይኩኖ አምላክ ዘመን ከአንድ ዓለት ተፈልፍላ የወጣችውን ገነተ ማርያምን ለሚያውቅ ሰው ግን እንግዳ አይደለም። ውቅር ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመጨመር አይሠራም፤ ዓምዱም መስኮቱም የተገኘው ከተወሰደው ድንጋይ የተነሣ ነው። በስፔክትረሙም ላይ ስለ መስኩ የሚናገረው የተወሰደው ጨረር ነው። ምሳሌው ለማስተማሪያ ያገለግላል እንጂ የሙያ ቃል አይደለም፤ “ውቅር” እና “መዋቅር” በሌሎች የዕውቀት ዘርፎች ሥራ በዝቶባቸዋልና ይህን ልንጭንባቸው አንሻም።

6. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ ከተመለከትነው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. “ኤክስ ጨረር” ለጨረሩ፣ “ራጅ” ለሕክምና ምርመራው ይጠበቅ። “በኤክስ ሬይ” የሚለው ሐረግ የጨረሩ ምንጭ ኮከቡ በሆነበት ቦታ ሁሉ “ከኮከቡ ከሚመጣው ኤክስ ጨረር” በሚለው ይተካ።

ለ. “መግነጢሳዊ መስክ” ይጽና፤ ቅጽሉ “ብርቱ” ወይም “ደካማ”፣ ስሙ “ብርታት” ይሁን። “ትልቅ” እና “ሰፊ” ስለ ስፋት ካልሆነ አይግቡ።

ሐ. ጊዜና ጕልበት “ተለካ”፤ ከስርጉድ ጕልበት የተገኘ መስክ “ተሰላ”፤ ከዙር መዘግየት የተገኘ “ተገመተ”፤ ከፖላራይዜሽን የተገኘ ማስረጃ “ደገፈ” ወይም “መሰከረ” ይባል። በእያንዳንዱም መስኩ የት እንደ ሆነ ይጠቀስ።

መ. “የሳይክሎትሮን ስርጉድ” ለቅርጹ ስም ይሁን፤ “መምጠጥ” እና “መበተን” ለምክንያቱ በግሥነት ይቀመጡ።

ሠ. ወደ ፊት የሚዘጋጁ የሙያ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ የመጠን ስም አብረውት የሚሄዱትን ግሦች፣ ቅጽሎችና መስተዋድዶች ይስጡ።

የምሳሌያችን ዓረፍተ ነገር እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦ “ከኒውትሮን ኮከቡ በመጣው ኤክስ ጨረር ላይ የታየው ስርጉድ ጕልበቱ ተለካ፤ ከዚህም በዋልታው አጠገብ ያለው መግነጢሳዊ መስክ ብርታት ተሰላ።” ከቀድሞው ይረዝማል። ርዝመቱ ግን የጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ የተጨመረ ቃል የቀድሞው ዓረፍተ ነገር የደበቀውን አንድ ነገር ይገልጣል።

“ይህ የፊዚክስ ሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ የቋንቋ ሰው ምን አገባው?” የሚል አይጠፋም። መስኩ ስንት ጋውስ እንደ ሆነ መወሰን በእርግጥ የእነርሱ ነው። ቍጥሩ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ቆመ በአማርኛ በትክክል መነገሩ ግን የእኛ ነው። ሁሉም ነገር “ተለካ” በሚባልበት ቋንቋ ሳይንስን የሚማር ተማሪ ቍጥሩን ያጠናል እንጂ ቍጥሩን መጠየቅ አይማርም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቍጥሩ ሲሻሻል “ለክተነዋል አላላችሁም ወይ?” ቢል ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። ቋንቋው የሚለካውን ከሚሰላው፣ የሚሰላውን ከሚገመተው የሚለይባቸው ግሦች ቀድሞም ነበሩት፤ የቀረው ተርጓሚው እንዲሠሩ መፍቀዱ ነው።